ከመሐል ሜዳ እስከ ላምበረት

የመንዝን መንገድ ለመሄድ ያሰባችሁ በውስጥ መስመር ስትጽፉልኝ ሁሌ የምትጠይቁኝ "ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" ብላችሁ ነው። ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ 280 ገደማ ይሆናል። ቁጥሩን ይዛችሁ ግን ከሰዓት በፊት ቀጠሮ እንዳትይዙ። ቀኑን የሚበላው ዳገቱ፣ ጉሙና በየከተማው የሚወጣ የሚወርደው ሰው ነው።

ሌላም አለ። የሰሜን ሸዋ መንገድ ባለፉት ዓመታት በግጭት ምክንያት አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ከርሟል። የምነግራችሁ መንገዱ ሰላም የዋለበትን ቀን ነው። ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ሰሞን የተመላለሰ ሾፌር ፈልጋችሁ ጠይቁ።

መነሻው ጎህ ሳይቀድ ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። ጋቢ ብቻ ተማምኖ የመጣ እንግዳ ወዲያው ይታወቃል። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ጆንያ እያሰረ "ደብረ ብርሃን! አዲስ አበባ!" ሲል መናኸሪያው ውስጥ የሚታየው ከአፉ የሚወጣው እንፋሎት ነው።

ስትወጡ ለጓሳ ጀርባችሁን ትሰጣላችሁ። ያሳዝናል፤ አንድ ቀን ትርፍ ያለው ሰው እዚያ ሳያድር ባይመለስ እመክራለሁ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበት ሜዳ መሆኑን ብዙ ሰው ሰምቷል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሣሩ ነው። የጓሳ ሣር የመንዝ ቤት ክዳን ነው፤ ገመድም ይሆናል። ሕዝቡ ለ400 ዓመት ገደማ በራሱ ሕግ ሲጠብቀው ኖሯል፦ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፣ የጠባቂነቱ ኃላፊነት የተሰጣቸው አባቶች ሲፈቅዱ ይከፈታል፣ ከዚያ በፊት ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት አፈረሰው። በኋላ ግን ማኅበረሰቡ ራሱ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቋቋመው። ስለ ጥበቃ በየአዳራሹ ስንት ስብሰባ በሚደረግበት አገር፣ ይህን የሠሩት ገበሬዎች ናቸው።

ወደ መኪናው ልመለስ። ዕድል ካላችሁ አጠገባችሁ ሱፍ የሚፈትሉ እናት ይቀመጣሉ። እኔን ገጥመውኛል። ያልታጠበ ጥቁር የበግ ጠጉር በትንሽ ከረጢት ይዘው፣ መኪናው እየተንገጫገጨ እንኳ እንዝርቱ ከእጃቸው አልወደቀም። ጠጉሩን በሁለት ጣት ሳብ፣ ጠምዘዝ፣ ለቀቅ ያደርጉታል፤ ክሩ ይረዝማል። ጣታቸው በጠጉሩ ወዝ ያብረቀርቃል። መስኮቱን ገርበብ ባደርገው "ልጄ፣ ዝጋው እስቲ፤ ይኼ ብርድ እንግዳ አይምርም" አሉኝ። የመንዝ በግ ጠጉሩ ሻካራ ነው፤ ለሹራብ አይመችም፤ ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ ግን ወደር የለውም። ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ይሠራዋል፣ ቀለም ሳይነካው ጥቁሩ ጥቁር ቡኒው ቡኒ ሆኖ ይወጣል። ባና ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ ዝናብ ሲነካው በግ በግ ይሸታል። የፋብሪካ ብርድ ልብስ ይሻለኛል የምትሉ ኅዳር ውስጥ መሐል ሜዳ አንድ ሌሊት እደሩና እናወራለን።

ሞላሌ ላይ መኪናው ይቆማል፤ ሻይ ይጠጣል፣ የገብስ ቆሎ ይገዛል። ከሞላሌ ቀጥሎ በመዘዞ አካባቢ በ1980ዎቹ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ተገኝቶ ነበር። ድንጋዩ ቡናማ ሆኖ ውብ ነው፤ ሲቆይ የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው ግን ስሙን አበላሸበት። በኋላ የወሎው የደላንታ ኦፓል ሲመጣ ገበያው ወደዚያ ዞረ።

በዚህ መሐል በመስኮት ስታዩ መንዝ ለምን መንዝ እንደሆነ ይገባችኋል። በምሥራቅ ተራራውና ገደሉ፣ በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምዕራብና በሰሜን አዳባይና ወንጪት፤ ዙሪያው ሁሉ ወይ ገደል ወይ ሸለቆ ነው። ሶሲዮሎጂስቱ ዶናልድ ሌቪን፣ በኋላ "ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ" የተባለው፣ እዚህ ኖሮ "ሰምና ወርቅ" የተሰኘውን መጽሐፉን ሲጽፍ አገሩን የከለለው በእነዚሁ ወንዞች ነው። ላሎ፣ ማማና ጌራ የሚባሉት ሦስቱ ምድሮች በዚህ አጥር ውስጥ ናቸው። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚቆጠረውም ከዚሁ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከተነሳው ከመንዙ ነጋሲ ክርስቶስ ነው። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ወደ ይፋት ወረዱ፣ አንኮበርን ያዙ፣ እያለ እያለ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ያ መንግሥት ከመንዝ ተነስቶ አዲስ አበባ ለመግባት 200 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል፤ ስለዚህ መኪናው ሲዘገይ ሾፌሩን አትቆጡ።

ጣርማ በር ላይ ከዋናው የደሴ መንገድ ጋር ትገናኛላችሁ። በክረምት ጉሙ መጥቶ መኪናውን ሲውጠው ሾፌሩ መብራት አብርቶ በክላክስ ብቻ ይሄዳል፤ ወሬኛው ሁሉ ዝም ይላል። ጣልያን የሠራው ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ዋሻ በስተግራ ነው፤ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ቆላው ለሚወርድ ሰው እንጂ ለእናንተ አይደለም። ሰማዩ ከጠራ ግን ወርዳችሁ ከገደሉ አፋፍ ላይ እዩ፤ ጭላዳ ከነልጁ ሣር ሲነጭ አታጡም። በ1928 ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው የጣልያኑ የባዶሊዮ ጦር እዚህ መንገዱ ተቆርጦ ጠብቆታል፤ መኪናውን አቁሞ፣ ጠግኖ ነው ያለፈው። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ።

ከዚያ በጉዶ በረት አድርጎ ደብረ ብርሃን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምሳ እዚያ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ በታየው ብርሃን ምክንያት የቆረቆራት ከተማ ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ሆናለች፦ የጥንቱ የብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ቢራው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ዩኒቨርሲቲው። ከመሐል ሜዳ የመጣ ሰው እዚህ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ደግሞ እዚሁ ይደርባል።

የቀረው 130 ኪሎ ሜትር ብዙ ወሬ የለውም። ጫጫ፣ ሸኖ፣ አለልቱ፣ ሰንዳፋ። ሸኖ ላይ ግን አንድ ሰው "ሾፌር፣ ቅቤ ልግዛ!" ማለቱ አይቀርም፤ ከዚያ ሁሉም ይወርዳል። የሸኖ ለጋ ቅቤ ነዋ! ከለገጣፎ ጀምሮ መጨናነቁ ይጀምርና ላምበረት መናኸሪያ ትገባላችሁ።

የመርሐቤቴ ልጆች "እኛስ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ጎረቤቶች ብንሆንም የእናንተ በር ሌላ ነው። ከዓለም ከተማ፣ ሰዎች ለሰዎች የሠራው እናት ሆስፒታል ካለባት ከተማ፣ ተነስታችሁ ጀማ ሸለቆ ትወርዳላችሁ፣ ወደ ለሚ ትወጣላችሁ፣ ሙከጡሪ ላይ የጎጃምን መንገድ ይዛችሁ በሱሉልታ ትገባላችሁ። ጣርማ በርን ሳታዩ ማለት ነው። ያንን ግን ጀማን ወርዶ የወጣ የዓለም ከተማ ሰው ይጻፍልን፤ መንዜ ከወንጪት ማዶ ሆኖ ባወራው አይሆንም። የሚጽፍ ካለ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።