የትራውት አጥማጅን ውጤት የሚወስነው የውርወራ ርቀት ሳይሆን ጥራቱ ነው

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና በአካባቢው የሚፈሱት የዌብ፣ የዳንካና የሻያ ወንዞች ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት ከኬንያ መጥተው የተለቀቁ የትራውት ዓሣዎች መኖሪያ ናቸው። ትራውት ቀዝቃዛና ንጹህ ውሃ የሚፈልግ ዓሣ በመሆኑ ከባህር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የዲንሾ አካባቢ ተስማምቶታል። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው ይኸው ፓርክ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡም ይታወቃል።

ትራውትን ለመዝናኛ ለማጥመድ በስፋት የሚሠራበት ዘዴ ከላባና ከክር በተሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ ነው። ይህን ዘዴ አዲስ የሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው ዝንቡን ምን ያህል ሩቅ መወርወር እንደሚኖርበት ነው። ከመደብር የሚገዛው የውርወራ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ 27 ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው፣ ገመዱን በሙሉ መወርወር ያልቻለ ሰው ሙያውን እንዳላወቀ አድርጎ ራሱን ይቆጥራል። ይህ ግን የተሳሳተ ግንዛቤ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የገመዱን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በተለመደው የማጥመድ ዘዴ መንጠቆውን ወደ ውሃ የሚያደርሰው በክሩ ላይ የሚታሰረው ክብደት ነው። ሰው ሠራሽ ዝንብ ግን ክብደት የለውም ለማለት ይቻላል። በመሆኑም ዝንቡን ተሸክሞ የሚሄደው የገመዱ የራሱ ክብደት ሲሆን፣ ዘንጉም የሚለመጠውና ኃይል የሚያጠራቅመው በዚሁ ክብደት ነው።

የውርወራ ገመዶች በቁጥር የሚለዩትም በዚህ ምክንያት ነው። በአሜሪካ የዓሣ ማጥመጃ መሣሪያ አምራቾች ማኅበር የወጣው መለኪያ የገመዱን የመጀመሪያ 30 ጫማ፣ ማለትም 9.1 ሜትር ያህሉን በመመዘን ቁጥር ይሰጣል። ለምሳሌ ለትራውት በብዛት የሚመረጠው የ5 ቁጥር ገመድ በዚህ ርዝመት ውስጥ 9.1 ግራም ያህል ይመዝናል። ዘንጎችም ከገመዱ ቁጥር ጋር እንዲጣጣሙ ተደርገው ይሠራሉ። ከዚህ መገንዘብ እንደሚቻለው መሣሪያው በመሠረቱ የታሰበው ከዘንጉ ጫፍ 9 ሜትር ገደማ ገመድ ወጥቶ እንዲሠራበት ነው። በገመዱ ጫፍ ላይ የሚቀጠለው 2.7 ሜትር ያህል ቀጭን የናይለን ክር ሲታከልበት ዝንቡ ከዘንጉ ጫፍ 12 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በወንዝ ላይ ለሚያጠምድ ተራ ሰው ይህ ርቀት በአመዛኙ በቂ ነው። የተቀረው ገመድ በመጠቅለያው ላይ የሚቆየው የተያዘ ዓሣ እየጎተተ ሲሸሽ ለመልቀቅና አልፎ አልፎ ለሚያስፈልግ ረጅም ውርወራ ነው።

በቅርብ ርቀት ማጥመድ የሚመረጥባቸው ምክንያቶች በርካታ ናቸው። የመጀመሪያው የውሃው ፍጥነት ነው። የወንዝ ውሃ በመሀሉና በዳርቻው እኩል አይፈስም። ረጅም ገመድ በውሃው ላይ ሲዘረጋ ፈጣኑ ውሃ መሀሉን እየገፋ ያጎብጠዋል፤ ዝንቡም ያለ ተፈጥሮው ይጎተታል። ትራውት እንዲህ የሚጎተት ዝንብ ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም። አጭር ገመድ የያዘ ሰው ግን ዘንጉን ከፍ በማድረግ ገመዱን ከፈጣኑ ውሃ በላይ አንሥቶ ሊይዝ ይችላል።

ሁለተኛው ዓሣው ዝንቡን በሚጎርስበት ጊዜ የሚያስፈልገው ቅልጥፍና ነው። ትራውት የጎረሰው ምግብ አለመሆኑን ሲያውቅ ወዲያውኑ ይተፋዋል። ረጅሙ ገመድ የረገበና የሚለጠጥ በመሆኑ የአጥማጁ እጅ እንቅስቃሴ ወደ መንጠቆው ዘግይቶ ይደርሳል። በዚህም የተነሳ ዓሣው ያመልጣል፤ ወይም መንጠቆው በደንብ ሳይዘው ቆስሎ ይሄዳል።

ሦስተኛው ዒላማን የመምታት ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ሲወረውር አቅጣጫውን 2 ዲግሪ ብቻ ቢስት ዝንቡ በ10 ሜትር ርቀት 35 ሳንቲ ሜትር፣ በ25 ሜትር ርቀት ደግሞ 87 ሳንቲ ሜትር ያህል ከታሰበው ቦታ ይርቃል። በአንድ ድንጋይ ሥር ተደብቆ ውሃው የሚያመጣለትን ምግብ የሚጠብቅ ዓሣ ይህን ያህል ርቀት ተጉዞ ዝንቡን ላይከተል ይችላል።

ከዚህም በተጨማሪ ገመዱ ወደ ፊት ከመወርወሩ በፊት ወደ ኋላ መዘርጋት ስላለበት ከአጥማጁ ጀርባ ተመጣጣኝ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። አስታና ጥድ በበቀለበት ዳርቻ 20 ሜትር ነጻ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከሁሉም በላይ ከኋላ እረኞችና መንገደኞች ሊኖሩ ስለሚችሉ ሳያዩ ረጅም ገመድ ማወናጨፍ በዓይን ላይ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ታዲያ ዓሣው ሩቅ ከሆነ ምን ይደረግ? መልሱ ገመዱን ከማርዘም ይልቅ በጥንቃቄ መቅረብ ነው። ትራውት በፈሳሽ ውሃ ውስጥ የሚቆመው ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ ነው። ስለሆነም ከታች ወደ ላይ፣ ጎንበስ ብሎና ኮቴን አሳስቶ የሚጠጋ ሰው ሳይታይ ሊቀርብ ይችላል። በውርወራ ላይ 5 ሜትር ከመጨመር ይልቅ 5 እርምጃ በጸጥታ መራመድ ይቀላል።

ይህ ሲባል ረጅም ውርወራ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በሐይቅ፣ በሰፊ ወንዝና በባህር ዳርቻ ለሚያጠምዱ ሰዎች አስፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በውድድር መስክም ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። አሜሪካዊቷ ጆአን ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1960 161 ጫማ፣ ማለትም 49 ሜትር ያህል በመወርወር ስሟን አስጠርታለች። ሆኖም የውድድር ሜዳና የዳንካን የመሰለ የተራራ ወንዝ የሚጠይቁት ችሎታ የተለያየ ነው።

ለጀማሪዎች የሚመከረው ልምምድ ቀላልና ወጪ የማይጠይቅ ነው። ገመዱ 9 ሜትር ላይ በማይለቅ ቀለም ምልክት ይደረግበታል። በመንጠቆ ፋንታ ትንሽ የሱፍ ክር ይታሰርና በሣር ሜዳ ላይ በ8፣ በ10 እና በ12 ሜትር ርቀት ሳህን ተቀምጦ እርሱን መምታት ይለመዳል። ገመዱ ወደ ኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ መታገሥ፣ ዘንጉን ቀስ በቀስ አፍጥኖ በድንገት ማቆምና ጉልበት አለማብዛት ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች ናቸው። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” እንዲሉ፣ ቅርቡን በሚገባ የተማረ ሰው ሩቁን በጊዜው ይደርስበታል።

በእረፍት ጊዜያቸው ወደ ባሌ የሚጓዙ ሠራተኞችም ሆኑ እንግዶችን የሚያስተናግዱ የቱሪዝም ኃላፊዎችና አስጎብኚዎች ይህን መሠረታዊ እውቀት ቢጨብጡ ጠቀሜታው የጎላ ይሆናል። ከዲንሾው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃድና ስለ ደንቡ አስቀድሞ መጠየቅም ተገቢ ነው። በአግባቡ የሠለጠነ አጥማጅ ያለ አግባብ የሚያቆስለው ዓሣና ቆርጦ የሚጥለው ክር አነስተኛ በመሆኑ፣ እንግዳው ረክቶ ሲመለስ ወንዙም ለሚቀጥለው እንግዳ ይተርፋል።