ተዳፋትን የሚንደው በውስጡ የታቆረው ውሃ ነው

ከደራ ወረዳዋ ከአንበሳሜ ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ደጀንን ሲያልፍ የዓባይ በረሃ ይቀበለዋል። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ይሻገራል። በዚህ ቁልቁለት አስፋልቱ በየቦታው ተሰንጥቆና ሰጥሞ ይታያል፤ በበጋ የተጠገነውን ክረምቱ መልሶ ያፈርሰዋል።

ተዳፋትን ባለበት የሚያቆየው በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ሰበቃና መያያዝ ነው፤ ቁልቁል የሚጎትተው የራሱ ክብደት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚሰርገው ዝናብ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሲሞላ፣ የውሃው ግፊት ቅንጣቶቹን ያላቅቃል፤ ሰበቃው ይቀንሳል፣ ክብደቱ ይጨምራል። መሐንዲሱ ካርል ቴርዛጊ ይህን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በስሌት አሳይቷል። ውሃ ወደ ጥልቁ የሚዘልቀው ቀስ እያለ ስለሆነ ናዳ ዝናቡ ካባራ በኋላም ሊመጣ ይችላል።

በዓለት ላይም ሕጉ ያው ነው። በዓባይ በረሃ ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ብሎም ሸክላማ ድንጋይና ጂፕሰም ተነባብረዋል። ውሃው በላይኞቹ ስንጥቆች ይወርድና ሸክላማው ላይ ሲደርስ ይታገዳል። ሸክላው ሲርስ ይለሰልሳል፤ በላዩ የተከመረው ፍርስራሽም ይንሸራተታል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት (ጃይካ) እና የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ መንሸራተቱን በጋራ አጥንተዋል።

ስለዚህ መከላከል የሚጀምረው ከውሃው ነው። ከተዳፋቱ አናት በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ወደ ውስጥ በሚዘልቁ ቀዳዳ ቱቦዎች የታቆረው ውሃ ይወጣል። የድጋፍ ግንብም ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ከሌለው ግፊቱ ይጥለዋል፤ ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን፣ የሚመረጠው ውሃውን ስለሚያሳልፍ ነው። ለቤትም ሆነ ለመንገድ ሲባል የተዳፋቱን ግርጌ መቁረጥ ደጋፊውን መንሣት ነው። የዛፍ ሥር የላዩን አፈር ይይዛል፤ ከሥሩ በታች ያለውን ጥልቅ መንሸራተት ግን አያቆምም። መሬቱ መሰንጠቅ በጀመረበት ቦታም ውሃ አቁሮ የሚያሰርግ እርከን አደጋውን ያብሳል፤ እዚያ ውሃው መወገድ አለበት።

ተራራ ከመናዱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፦ ከአናቱ በቅስት የሚዞር ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም ምሰሶ፣ አልዘጋ ያለ በር፣ በድንገት የፈለቀ ወይም የደፈረሰ ምንጭ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰ ናዳ ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው የደረሰባቸው ናቸው። ወገንን ለማዳን መሮጥ የከበረ ነው። ሆኖም በተናደ ተዳፋት ሥር ከመቆፈር በፊት አናቱን የሚጠብቅ ሰው ይቁም፤ ስንጥቁ ከሰፋ ሁሉም ይውጣ። በደራ ደጋም ሆነ በሌላው ተራራማ አገር፣ ከግንቦት ጀምሮ ቦዩን መጥረግና ስንጥቅ ሲታይ ቤቱን ለቆ ለቀበሌው መንገር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ነፍስ ግን ያተርፋል።