መምህራን ለጦር መሣሪያ ሕግ ሥራ ቢያቆሙ ምን ያነሣሉ?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ካዛንቺስ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሰማነው ጥያቄ ነው። የሄድንበት ጉዳይ ሌላ ነበር፤ ስለ ቤተ ሙከራ ዕቃዎች ለመነጋገር። በሻይ ሰዓት ግን የፊዚክሱ መምህር፣ ጎጃም ውስጥ በአንድ ገጠር የምታስተምር ታናሽ እህቱ በስልክ የጠየቀችውን ነገር አነሣልን። «የክፍላችን ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ጥይት ያቆማል ወይ?» ብላው ነበር። ከጎኑ የተቀመጡት አንጋፋ የታሪክ መምህርት ይህን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ ስለ ግድግዳ ጥንካሬ ከምንጠያየቅ፣ የአገሪቱ መምህራን ሁሉ በአንድ ቀን ጠመኔያችንን አስቀምጠን የመሣሪያ ሕጉ ይጥበቅ ብንልስ?» አሉ።

በዚያ ክፍል የነበሩት መምህራን ለሁለት ተከፈሉ። እኛም መልስ ሳንሰጥ ወጣን፤ ዕዳውን ለመክፈል ይህን ጽፈናል። የእህቲቱ ጥያቄ የፊዚክስ ስለሆነ ምላሹ አጭር ነው። የመምህርቷ ጥያቄ ግን ታሪክም፣ ሕግም፣ የምጣኔ ሀብት ጥናትም ያለበት ነው። ከአጭሩ እንጀምር።

ግድግዳው ያቆማል?

አያቆምም። በአገራችን በብዛት የሚታየው ክላሽንኮቭ የሚተኩሰው ጥይት 8 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰኮንድ ከ700 ሜትር ይበልጣል። የእንቅስቃሴ ጉልበት የመጠነ ቁስ ግማሽ በፍጥነት ካሬ ተባዝቶ እንደሚገኝ በትምህርት ቤት ተምረናል። ስሌቱ ወደ 2,000 ጁል ይሰጠናል። ይህ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከ3 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ መሬት ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት ነው። ልዩነቱ የሰውየው ጉልበት በመላ አካሉ ሲበተን፣ የጥይቱ ጉልበት ግን ግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነች ስፋት ላይ ማረፉ ነው። ጭቃ የተመረገ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬትም ቢሆን ይህን አይችልም። በሚገባ የተጠቀጠቀ ግማሽ ሜትር ያህል አሸዋ ሊያቆመው ይችላል፤ ነገር ግን በአሸዋ ጆንያ የታጠረ ክፍል ውስጥ ስለ ክፍልፋይ ማስተማር ምን እንደሚመስል አንባቢው ራሱ ይገምት።

ሌላም አለ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከ200 ሜትር ርቀት የተተኮሰ ጥይት በሲሶ ሰኮንድ አካባቢ ሲደርስ፣ የተኩሱ ድምፅ ግን ከግማሽ ሰኮንድ በላይ ይፈጅበታል። እንግዲህ መምህርቷ ተኩስ ሰምታ «ተኙ!» በምትልበት ጊዜ የመጀመሪያው ጥይት አልፏል። በደጋው አገር አየሩ ስስ ስለሆነ ጥይት የሚገጥመው የአየር ግጭት ከቆላው ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ርቆ ይሄዳል። ግድግዳውም ትእዛዙም የማይረዱ ከሆነ፣ ሊሠራበት የሚቻለው ጊዜ ከመተኮሱ በፊት ያለው ብቻ ነው። የሕጉ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ አለ

ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር ቢኖር ኢትዮጵያ ራሱን የቻለ የጦር መሣሪያ ሕግ ያላት መሆኑን ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ መሣሪያ መያዝን በፈቃድና በምዝገባ ሥር ያደርጋል፤ ሕገ ወጥ ዝውውርንም በእስራት ያስቀጣል። ከዚያ በፊት ጉዳዩ በወንጀል ሕጉ ውስጥ ተበታትኖ ይገኝ ነበር።

የመሣሪያ ሕግ በእርግጥ ሕይወት ያድናል ወይ ለሚለው ጥያቄም የተሠራ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ በ10 አገሮች የተካሄዱ 130 ጥናቶችን መርምሮ፣ አንድ ነጠላ ገደብ ሳይሆን በርካታ ገደቦች በአንድ ጊዜ ሲተገበሩ በጥይት የሚሞተው ሰው ቁጥር ከመቀነስ ጋር ተያይዞ እንደሚታይ አሳይቷል። አውስትራሊያ የዚህ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1996 ፖርት አርተር በተባለ ስፍራ 35 ሰዎች በአንድ ታጣቂ ተገደሉ፤ በ12 ቀናት ውስጥ የፌዴራሉና የክልል መንግሥታት ተስማምተው 650,000 ያህል መሣሪያ በክፍያ ሰበሰቡ። ከዚያ በፊት በነበሩት 18 ዓመታት 13 የጅምላ ግድያዎች ደርሰው ነበር፤ በተከታዩ ዐሥር ዓመት አንድም አልደረሰም። ልብ በሉ፤ ማንም መምህር ሥራ አላቆመም። በዚያው ዓመት በስኮትላንድ ደንብሌን ከተማ 16 ሕፃናትና መምህርታቸው በትምህርት ቤት ሲገደሉ፣ የሽጉጥ ሕጉን የለወጠው ከ700,000 በላይ ሰው የፈረመበት የወላጆች አቤቱታ ነበር።

በእኛ አገር ያለው ክፍተት ግን የአንቀጽ ክፍተት አይደለም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ጦርነት አለ። በመስመር ላይ ቆሞ መሣሪያውን የሚያስመዘግብ ተዋጊ የለም። ሕጉ ደግሞ በዋናነት የሚመለከተው የግለሰብን እጅ ነው፤ በሕግ አስከባሪ እጅ ያለውን መሣሪያ የሚገራው ሌላ ሕግና ሌላ ልማድ ነው። የታሪክ መምህርቷ እንዳስታወሱን፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. የመምህራን ማኅበር አመራር የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ አዲስ አበባ ውስጥ የተገደሉት በፖሊስ ጥይት ነበር።

አድማ እንደ መፈንቅል

የሥራ ማቆም አድማን በቀላል ማሽን መስለን ብንመለከተው ነገሩ ይገለጥልናል። መፈንቅል ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ የሚጫን ኃይል፣ መደገፊያ ነጥብና የሚነሣ ጭነት። ፋብሪካ ሲቆም ኃይሉ የባለቤቱ ኪሳራ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን መንግሥት በዕለቱ አንዳች ገንዘብ አያጣም፤ ደመወዝ ከቆረጠ እንዲያውም ያተርፋል። ኃይሉ የሚተላለፈው በወላጆች በኩል ነው። እነርሱ መምህራኑን ከደገፉ መፈንቅሉ መደገፊያ አገኘ ማለት ነው፤ ካልደገፉ እንጨቱ ባዶ አየር ላይ ይወዛወዛል።

በአገራችን ታሪክ ይህ አንድ ጊዜ በግልጽ ታይቷል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ያቆሙት በደመወዝ ብቻ ሳይሆን «ሴክተር ሪቪው» በተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ላይ ነበር። ዕቅዱ ለብዙኃኑ ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ያስቀድም ስለነበር፣ ወላጁ «የድኻ ልጅ ከዚያ በላይ እንዳይማር ነው» ብሎ ተረዳው። የነዳጅ ዋጋ ንሯልና ባለታክሲዎችም በዚያው ሰሞን ቆሙ። መንግሥት በዚያው ወር ዕቅዱን አገደ፤ የነዳጁንም ዋጋ ቀነሰ። አድማው ሠራ፤ ምክንያቱም ወላጁ ከመምህሩ ጋር ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጭነቱ በአንድ ፊርማ የሚነሣ ነበር። የታገደ ዕቅድ ታገደ ነው፤ ማንም በየቀበሌው እየዞረ ማገድ አላስፈለገውም።

የሌላው ዓለም ተሞክሮም ወደዚሁ ያመለክታል። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ መምህራን እ.ኤ.አ. በ2018 የካቲትና መጋቢት ላይ ለዘጠኝ የትምህርት ቀናት ያህል ሥራ አቁመው የ5 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ አግኝተዋል። በዚያው የካቲት በፍሎሪዳ ፓርክላንድ 17 ሰዎች በትምህርት ቤት ተገድለዋል። መምህራን ለመሣሪያ ሕግ ሥራ ያቁሙ የሚለው ሐሳብ በዚያ አገር ደጋግሞ ቢነሣም፣ አገር አቀፍ ሆኖ አልታየም። ተማሪዎች ለሟቾቹ መታሰቢያ ለ17 ደቂቃ ከክፍል ወጥተዋል፤ የፌዴራሉ ምክር ቤት ግን በዚያ ምክንያት ጥብቅ ሕግ አላወጣም። በሜክሲኮ አካፑልኮ የወሮበሎች ዛቻ ያስመረራቸው መምህራን እ.ኤ.አ. በ2011 ከመቶ በላይ ትምህርት ቤቶችን ዘግተው ጥበቃ ጠይቀዋል፤ ወታደርና ፖሊስ ተላከላቸው። በደቡብ ታይላንድም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከመቶ በላይ መምህራን በተገደሉበት አካባቢ፣ በ2012 መጨረሻ መምህራኑ ትምህርት ቤት ዘግተው ጥበቃቸው እንዲጠናከር አድርገዋል። በሁለቱም ቦታ የተገኘው ዘብ ነው። ዘብ በአንድ ትእዛዝ ይመደባል፤ መሣሪያውን ከአካባቢው ማጥፋት ግን በትእዛዝ አልተቻለም።

ከዚያ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ብዙም ሳይርቅ የአፍሪካ አዳራሽ አለ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተበት። የድርጅቱ ወራሽ የአፍሪካ ኅብረት በአህጉሩ «የጠመንጃ ድምፅ እስከ 2020 ይጥፋ» ብሎ ነበር፤ ዘመኑ ሲደርስ ወደ 2030 ተሸጋገረ። ርእሰ ብሔሮች በቀጠሮ ያላነሡትን ጭነት መምህር በአድማ ያነሣዋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

በካዛንቺስ ያለው እጅና በጎጃም ያለው ሸክም

ዋናውን ችግር ያገኘነው ግን እዚህ ላይ ነው። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ «ጠመንጃ ያዥ» የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የጠመንጃ ያዥ ጦር የቀረ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ጠዋት በዚያ የሚያልፈው ባለ ጠመንጃ ሳይሆን ባለ ቦርሳ ተማሪ ነው። በዚህ ክፍለ ከተማ ትምህርት ቤቱ ክፍት ስለሆነ አድማ ቢመታ ይሰማል፤ ሚኒስቴሩም፣ ምክር ቤቱም፣ ዲፕሎማቱም በቅርብ አሉ። መሣሪያው ግን በሩ ላይ የለም። መሣሪያው በሩ ላይ ባለበት አካባቢ ደግሞ ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ተዘግቷል። በአማራ ክልል በ2017 የትምህርት ዘመን ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ተዘግቧል። በዚያ ያለችው መምህርት ሥራ አቆማለሁ ብትል የምታቆመው ሥራ ላይኖራት ይችላል፤ ጠመንጃው ቀድሞ አስቁሞታል። ስለዚህ ኃይሉ በአንድ ቦታ፣ ጭነቱ በሌላ ቦታ ነው።

ይህ ማለት የካዛንቺስ መምህር ለጎጃሟ እህቱ መቆም የለበትም ማለት አይደለም። የሚከፍለውንና የሚያስከፍለውን ግን ይወቅ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሥራ የማቆም መብትን ያውቃል፤ የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች እንደሚጠቀሙበት ግን ለዝርዝር ሕግ ትቶታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት መምህራንን አይሸፍንም። የግል ትምህርት ቤት መምህራንን ይሸፍናል፤ ነገር ግን አድማን የሚተረጉመው አሠሪው አንድን የሥራ ሁኔታ እንዲቀበል ለማድረግ የሚደረግ ነው ብሎ ነው። የመሣሪያ ሕግ ደግሞ ከየትኛውም የትምህርት ቤት ባለቤት ኪስ አይወጣም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ጥያቄ ሥራ ካቆሙት የጤና ባለሙያዎች መካከል የታሰሩ ነበሩ፤ ለምን እንደጠየቁ ግልጽ በሆነበት ጉዳይ እንኳ።

ልጆቹስ? ሃውሜና ዊለን የተባሉ ተመራማሪዎች የአርጀንቲናን የመምህራን አድማዎች ለረጅም ዘመን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ጥናት አሳትመዋል። በአንደኛ ደረጃ ቆይታቸው በአማካይ 88 የትምህርት ቀናት በአድማ የባከኑባቸው ልጆች ካደጉ በኋላ ገቢያቸው በወንዶች 3.2፣ በሴቶች 1.9 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። አንድ ቀን 88 ቀን አይደለም፤ ይህን እንቀበላለን። ነገር ግን የማይነሣ ጭነት ላይ የተጀመረ አድማ መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቅ የለም፤ የምንፈራውም ይህንኑ ነው። በጠመንጃ ምክንያት ዓመታት ያለፉት ልጅ ስላለ፣ እኛ በእርሱ ስም ሌላውን ልጅ ከክፍል ለማስወጣት ጠንካራ ምክንያት ሊኖረን ይገባል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደዚያው ማረፊያ ክፍል ተመልሰን ይህን ሁሉ ለመምህርቷ ነገርናቸው። በትዕግሥት ሰሙን። «እሺ፤ አንድ ፊርማ የሚበቃው ጥያቄ የትኛው ነው?» አሉን። እኛም የመሰለንን ተናገርን፤ ማንም ታጣቂ፣ የመንግሥትም ሆነ የሌላ፣ የትምህርት ቤት አጥር እንዳያልፍ፣ በመማሪያ ክፍል እንዳያድር፣ ለካምፕነት እንዳይጠቀምበት። ይህን አንድ አዛዥ በአንድ ቀን ሊያዝ ይችላል፤ መታዘዙና አለመታዘዙም ከአጥሩ ውጭ ቆሞ በዐይን ይታያል። ለዚህ ጥያቄ የአንድ ቀን አድማ ቢጠራ ወላጁ ከማን ጎን እንደሚቆም አንጠራጠርም።

መምህርቷ ከፊታቸው ካለው የመልመጃ ደብተር ጀርባ አንድ ወረቀት ቀደው መጻፍ ጀመሩ። የፊዚክሱ መምህር የእህቱ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው መስመር ላይ እንዲሰፍር ጠየቃቸው። «ስሙን ንገረኝ» አሉት፤ ሲነግራቸው ደወሉ ተደወለ።