ነጥብዎ በየበረቱ እንዳይበተን

ከጁባ የሚነሳ የቁም እንስሳት ነጋዴ አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ፣ ካይሮ፣ ጂዳ ወይም ዱባይ ደርሶ ለመመለስ በዓመት ብዙ ጊዜ ይበራል። ትኬቱን በወጪ መዝገብ ያሰፍራል፤ ከትኬቱ ጋር የሚመጣውን የመንገደኛ ነጥብ ግን ማንም አይቆጥረውም። ብዙዎቻችን ከየአየር መንገዱ ጥቂት ጥቂት ነጥብ አለን። አንዱም ለትኬት ሳይበቃ ጊዜው ያልፍበታል።

መፍትሔው የሚጀምረው የአየር መንገዶቹን ቡድን ከማወቅ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ስታር አሊያንስ የተባለውን ኅብረት ተቀላቅሏል። ኢጂፕት ኤርና ተርኪሽ ኤርላይንስም ከ2008 ጀምሮ እዚያው ናቸው። ስለዚህ የሼባ ማይልስ አባል የሆነ ነጋዴ ከጁባ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ፣ ከአዲስ አበባ ካይሮ ደግሞ በኢጂፕት ኤር ቢጓዝ የሁለቱንም ነጥብ በአንድ ሒሳብ ማጠራቀም ይችላል። ያጠራቀመውንም በኅብረቱ አባላት በረራ ላይ ሊጠቀምበት ይችላል።

ኬንያ ኤርዌይስና የሳዑዲ ዐረቢያው ሳውዲያ ግን ስካይቲም በተባለው ሌላ ኅብረት ውስጥ ናቸው። ኤምሬትስ የሁለቱም አባል አይደለም። በናይሮቢ በኩል ሲበሩ ያገኙት ነጥብ ሼባ ማይልስ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በብዛት የሚሄዱበትን መስመር ይቁጠሩና ዋናውን ሒሳብዎን በዚያ ቡድን ውስጥ ይክፈቱ።

አንድ በረራ ነጥብ የሚያስገኘው በአንድ ሒሳብ ብቻ ነው። አንዴ ከገባ በኋላም ወደ ሌላ አየር መንገድ ማዛወር በአብዛኛው አይቻልም። የአባልነት ቁጥርዎን ትኬት ሲቆርጡ ያስመዝግቡ፤ ቢረሱ ደግሞ መሳፈሪያ ላይ ይስጡ። ነጥቡ ሒሳብዎ ላይ እስኪታይ ድረስ የመሳፈሪያ ካርዱን አይጣሉ።

ሦስት ነገሮች ብዙ ነጥብ ያስቀራሉ። የመጀመሪያው ስም ነው። የእኛ ሰው በአንዱ ቦታ በአባቱ፣ በሌላው በአያቱ ስም ይመዘገባል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም አጻጻፉ ይለያያል። አባልነቱ፣ ትኬቱና ፓስፖርቱ በአንድ ዓይነት ይጻፉ። ሁለተኛው የትኬቱ ደረጃ ነው። በጣም ርካሽ የሆኑ ትኬቶች ትንሽ ነጥብ ብቻ ይሰጣሉ፤ በአጋር አየር መንገድ ላይ ጭራሽ የማይሰጡም አሉ። ትኬት ቆራጩን አስቀድመው ይጠይቁት። ሦስተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ትኬቱን ድርጅቱ ቢከፍልም ነጥቡ የተጓዡ ነውና ሸሪኮች በዚህ ላይ ቀድመው ይስማሙ።

ነጥቡን መቼ መጠቀም ያዋጣል? ሒሳቡ ቀላል ነው። ለምሳሌ ትኬቱ በጥሬ ገንዘብ 400 ዶላር ይሸጥ እንበል። በነጥብ ሲወስዱት 30,000 ነጥብ ይጠይቅዎታል፤ ግብርና ክፍያ 100 ዶላር ደግሞ ከኪስዎ ይከፍላሉ። ያዳኑት 300 ዶላር ነውና የአንዱ ነጥብ ዋጋ 1 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው። በሌላ መስመር 2 ሳንቲም የሚያወጣልዎት ከሆነ ነጥቡን ለዚያ ያቆዩት። ትኬት በሚወደድበት ሰሞን ወይም በድንገት መሄድ ሲኖርብዎ ነጥብ የበለጠ ይጠቅማል፤ ክፍት ቦታ መኖሩን ግን ያረጋግጡ።

ይሁን እንጂ ብዙ አያቆዩት። ላም ትወልዳለች፣ ነጥብ ግን አይወልድም። ጊዜው ያልፋል፤ አየር መንገዱም ለአንድ ትኬት የሚጠይቀውን የነጥብ መጠን ሲያሻው ከፍ ያደርጋል።

ለነጥብ ሲባል ግን መንገድ አይቀየርም። ከብትዎ ኳራንቲን ገብቶ መኖ በሚበላበት ሰዓት፣ በሌላ አየር መንገድ አንድ ቀን ቀድሞ የሚያደርስዎ በረራ ካለ በዚያ ይሂዱ። የአንድ ቀን መኖና የጠባቂ ክፍያ፣ ከብቱም የሚከሳው ሥጋ ሲደመር፣ ከአንድ በረራ ነጥብ ይበልጣል።