30 ችግኝ ገድዬ የተማርኩት

ዛሬ ስለ ሰፈራችን የጋራ አትክልት ቦታና ስለ ኮምፖስት አሠራር ላስረዳችሁ ነው። እዚያ ስላገኘሁትም ነገር እነግራችኋለሁ።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ድሮ ቆሻሻ መጣያ ነበር። ነዋሪዎች ተሰብስበው አጸዱትና መደብ መደብ አድርገው ተከፋፈሉት። ለእናቴም አንድ መደብ ደረሳት። እሷ ሥራ ስለምትውል ግን ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አልወደድኩትም። ጓደኞቼ ገመድ ሲዘሉ እኔ ጀሪካን ስሸከም በጣም ያናድደኝ ነበር።

ጎረቤቶቻችን ያፈሉትን 30 የቆስጣ ችግኝ እንድተክል ሰጡኝ። እኔም ቶሎ እንዲያድጉልኝ ብዬ ትኩስ እበት ሥራቸው ላይ ከመርኩበት። ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ጠውልገው ደረቁ። አፍሬ ሦስት ቀን በዚያ በኩል አላለፍኩም። በአራተኛው ቀን እዚያ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ደረጃ ላይ አገኙኝ። «አባባ፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አልኳቸው። እሳቸውም «የሞቱት ችግኞቹ ናቸው፤ አንቺ አልሞትሽም። ነገ በጠዋት ነይ» አሉኝ።

ለምን ሞቱ? ትኩስ እበት ገና አልበሰበሰም። ሲበሰብስ ይሞቃል፤ አሞኒያ የሚባል ጋዝም ይወጣዋል። ይህ ለጋ ሥርን ያቃጥላል። ስለዚህ እበቱ መጀመሪያ ኮምፖስት መሆን አለበት። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

1. አየር እንዲገባ ከታች ጭራሮ መደርደር።
2. ከላዩ ደረቅ ቅጠልና ጭድ፣ ቀጥሎ እርጥብ ነገር (አረም፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ)፣ ከዚያ ስስ እበትና አፈር ማድረግ። አንድ ሜትር ያህል ከፍ እስኪል መደጋገም። ሥጋ፣ ዘይትና ፕላስቲክ አይገባም።
3. ውሃ ማርከፍከፍ። በእጅ ሲጨበጥ ማርጠብ አለበት፤ መንጠባጠብ ግን የለበትም።
4. ረጅም እንጨት መሃሉ ላይ መሰካት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲወጣ ሞቅና እርጥብ ካለ እየሠራ ነው። ከደረቀ ውሃ ይጨመርበታል፤ ከሸተተ ደግሞ ደረቅ ቅጠል ጨምሮ ማገላበጥ ነው።
5. በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ ማገላበጥ። ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ጠቁሮ የአፈር ሽታ ሲሸት ደርሷል ማለት ነው።

እንጨቱን መጀመሪያ ያወጣሁ ቀን ሞቆ ሳገኘው በደስታ ጮህኩ። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ለፈተና ብቻ የሸመደድኳቸው ደቂቅ ዘአካላት ለካ እዚያ ውስጥ ሥራ ላይ ናቸው! ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያዘኝ ቦርሳዬን አስቀምጬ ወደዚያው ነው የምሮጠው።

ኮምፖስቱ ሲደርስ እንደገና ቆስጣ ተከልኩ። ቆስጣ የውጭ የውጩ ቅጠሉ ሲቀነጠስ ከመሃል ሌላ ያወጣል። የመጀመሪያውን ቅንጣሽ ችግኝ ላፈሉልኝ ጎረቤቶች አደልኩ። ለራሳችን ቤት የተረፈው ለአንድ ወጥ እንኳን አይበቃም ነበር፤ እናቴ ግን ምንም አላለችኝም።

ድሮ «ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ስባል ሁሉም ስለሚል ብቻ «ዶክተር» እል ነበር። አሁን ስለ አፈር መማር እፈልጋለሁ። ይህንን ቁጭ ብዬ አስቤ አላገኘሁትም። እጄ ከቆሸሸ በኋላ ነው የመጣልኝ። እናንተም የምትወዱት ነገር እስኪገለጥላችሁ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ፤ አንዱን ጀምሩት።

በመጨረሻም ለአካባቢ ጥበቃ ክበብ መምህራን አንድ ጥያቄ አለኝ። ከላይብረሪያችን ጀርባ ባዶ ቦታ አለ። ከምገባ ኩሽናው ደግሞ በየቀኑ ልጣጭ ይጣላል። ለምን ኮምፖስት አንጀምርም? የሚሰካውን እንጨት እኔ አመጣለሁ።