ልብ ሲሰንፍ አካልን ስለ ማንቀሳቀስ

በአዊ አገር በአዘና ክረምት ሲገባ ዝናቡ ይበረታል፤ መንገዱም ይጨቀያል። እረኛው በዝናብም ቢሆን ከብቱን ይከተላል። የከተማው ተማሪ ግን ትምህርት ቤቱ ስለ ተዘጋ ከእሳት ዳር ተቀምጦ ይውላል። በመጀመሪያው ቀን ዕረፍት ይመስለዋል። በሁለተኛው ቀን መነሣት ይከብደዋል። ከብዙ ቀን በኋላ ጥቂት መንገድ ቢሄድ ትንፋሹ ይቈራረጣል፤ ጕልበቱም ይዝላል። «ዛሬ ልቤ አልፈቀደም፤ ነገ እነሣለሁ» ይላል። ነገም በመጣ ጊዜ ያንኑ ቃል ይደግማል።

የዚህ ምክንያቱ ምንድር ነው? የሰው አካል በሥራ ይበረታል፤ በመቀመጥ ይደክማል። ጡንቻ ሲሠራ ደም ይፈልጋል፤ ልብም ደሙን ለማድረስ ፈጥኖ ይመታል፤ ሳንባም ብዙ አየር ይስባል። ይህ በየቀኑ ሲደረግ ልብም ጡንቻም እየጠነከሩ ይሄዳሉ። ሥራ ያጣ ጡንቻ ግን እየሳሳ ይሄዳል።

የአገው ፈረሰኞች ይህን ያውቃሉ። ማኅበራቸው በ1932 ዓ. ም. ተመሠረተ፤ በየዓመቱም ጥር 23 ቀን በዓሉን በእንጅባራ ያከብራል። ብዙ ቀን ታስሮ የቆየ ፈረስ በበዓል ቀን ቢጋልቡት ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ብልህ ባለቤት ፈረሱን አስቀድሞ አውጥቶ ያለማምደዋል። የሰውም አካል እንዲሁ ነው።

ዝናብ ሲከለክል በቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል እንቅስቃሴ አለ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰፊ ስፍራም አያሻውም። አስቀድሞ ጢሱ እንዲወጣ በሩን መክፈት፥ ከእሳቱም መራቅ ይገባል። አንደኛው፥ በአንድ ስፍራ ቆሞ እንደሚሄድ ሰው ጕልበትን በየተራ ማንሣት ነው። ሁለተኛው፥ ከበርጩማ ላይ በእጅ ሳይደገፉ መነሣት፥ ደግሞም ቀስ ብሎ መቀመጥ ነው። ሦስተኛው፥ ከግድግዳ አንድ ርምጃ ርቆ ቆሞ፥ ሁለቱን እጆች በግድግዳው ላይ አድርጎ፥ ክንድን እያጠፉና እየዘረጉ መግፋት ነው። አራተኛው፥ ምሰሶ ይዞ ተረከዝን ከመሬት ማንሣትና ማውረድ ነው። ለጀማሪ እያንዳንዱን አምስት ጊዜ ማድረግ ይበቃዋል፤ በየሳምንቱም ጥቂት ይጨምርበታል። ትኵሳት ያለበት ግን ይረፍ፤ ደረቱን የሚያመውም ወዲያው ይተውና ለሐኪም ይንገር።

ነገር ግን ልብ እንቢ ሲል ምን ይደረጋል? ብዙ ሰው ፈቃዱ አስቀድሞ እንዲመጣለት ይጠብቃል። ፈቃድ ግን ብዙ ጊዜ ከሥራው በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ብልህ ልጅ ከልቡ ጋራ አይከራከርም፤ ትንሽ ነገር ብቻ ያዘዋል። «አምስት ጊዜ ብቻ ልነሣና ልቀመጥ» ይላል። አምስቱን ሲፈጽም ሰውነቱ ይሞቃል፤ ስድስተኛውም አይከብደውም። ሰዓቱንም ይወስናል፤ ይኸውም ጠዋት ፊቱን ከታጠበ በኋላ ነው። ወንድሙን ወይም እኅቱን ይጠራል፤ አንዱ ሲሰንፍ ሌላው ያነሣዋልና። አንድ ቀን ቢቀርበት በማግሥቱ ይጀምራል እንጂ ተስፋ አይቈርጥም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ. ም. ባወጣው ምክር ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይላል፤ ደግሞም ጥቂት ማድረግ ምንም ካለማድረግ እንደሚሻል ያስተምራል።

ለዚህ ነገር አበበ ቢቂላ ምሳሌ ይሆናል። በ1952 ዓ. ም. በሮማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በ1957 ዓ. ም. በቶኪዮ ሁለተኛ አሸነፈ፤ ሩጫውንም ከፈጸመ በኋላ በሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሕዝቡ አይቶ ተደነቀ። በ1961 ዓ. ም. ግን በመኪና አደጋ ተጎዳ፤ ከወገቡ በታች ያለው አካሉም መንቀሳቀስን ተወ። ያ ፈጣን እግር ከዚያ ወዲያ አልሮጠም። በዚያን ጊዜ ልቡ ቢሰንፍ ማን ይነቅፈው ነበር? እርሱ ግን የቀረለትን ክንዱን አሠራ። በ1962 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1963 ዓ. ም. በኖርዌይ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት መንሸራተቻ ተወዳድሮ ሌሎቹን ቀደመ።

አበበ ያጣውን እግር እያሰበ አልተቀመጠም፤ ባለው ክንድ ጀመረ። የአዘናም ልጅ የዝናቡን ማባራት፥ የልቡንም ፈቃድ አይጠብቅ። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላልና፥ ዛሬ ከበርጩማው አምስት ጊዜ ይነሣ። መስቀል ሲደርስ ሰማዩ ይጠራል፤ ልጆችም ሁሉ ወደ ሜዳ ይወጣሉ። በክረምት እግሩን ያሠራ ልጅ በዚያን ቀን እግሩ ይታዘዝለታል።