የግራፍ ሽፔው ካፒቴን

(ድምፅ፦ የባሕር ሞገድ፣ የመርከብ ሞተር)

ተራኪ፦ ዘጠኝ የንግድ መርከቦች ሰጥመዋል፤ መጠናቸው ሲደመር 50,000 ቶን ገደማ ነው። ከባሕረኞቻቸው ግን አንድም ሰው አልሞተም። መርከቦቹን ያሰጠመው አድሚራል ግራፍ ሽፔ የተባለው የጀርመን የጦር መርከብ ነው፤ አዛዡም ካፒቴን ሃንስ ላንግስዶርፍ። በዚህ ዝግጅት የምንጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላንግስዶርፍ በ1894 ሩገን ደሴት ላይ ተወለደ። ያደገው በዱሰልዶርፍ፣ በአድሚራል ፎን ሽፔ ቤተሰብ ጎረቤትነት ነው። በ1912 ኪል የሚገኘውን የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ተቀላቀለ፤ በ1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጁትላንድ የባሕር ውጊያ ላይ ተዋጋ። በ1938 ደግሞ በእኚያው ጎረቤት ስም የተሰየመውን መርከብ ተረከበ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ሥራው የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች ማደን ሆነ። ሲያገኝ ያስቆማል፤ ሬድዮ እንዳይነኩ ያስጠነቅቃል፤ ሠራተኞቹን ወደ ራሱ መርከብ ያሻግራል፤ ከዚያ ያሰጥማል። የተያዙት ካፒቴኖች ራሳቸው ኋላ ላይ ስለ ጨዋነቱ መስክረዋል። ያገለገለው የሂትለርን መንግሥት መሆኑ አይካድም፤ በእጁ የገባውን ሰው ሕይወት መጠበቁም እንዲሁ።

ዶሪክ ስታር የተባለችው መርከብ ግን ከመስጠሟ በፊት የድረሱልኝ ጥሪ አስተላለፈች። የእንግሊዙ ኮሞዶር ሃርዉድ ከዚያ ተነስቶ ላንግስዶርፍ ወደ ላ ፕላታ ወንዝ አፍ እንደሚያቀና ገመተ። ግምቱ ሠመረ።

(ድምፅ፦ የመድፍ ተኩስ)

ታኅሣሥ 13 ቀን 1939 ማለዳ የሃርዉድ ሦስት የጦር መርከቦች፣ ኤክሰተር፣ ኤጃክስና አኪሊስ ገጠሙት። የግራፍ ሽፔ ባለ 28 ሴንቲ ሜትር መድፎች ኤክሰተርን ክፉኛ ጎዱ። በእንግሊዞች በኩል 72 ሰዎች ሞቱ፤ በጀርመኖቹ 36። ላንግስዶርፍም ቆሰለ። የመርከቡ ወጥ ቤት ወደመ፤ ከሁሉ የከፋው የነዳጅ ማጣሪያው መመታቱ ነበር። ያለ እሱ አትላንቲክን አቋርጦ ጀርመን መግባት አይታሰብም። ስለዚህ ወደ ገለልተኛዋ ኡራጓይ ወደብ፣ ሞንቴቪዴዮ ገባ።

ሟቾቹ በዚያው ከተማ ሲቀበሩ የተነሳ ፎቶግራፍ አለ። በዙሪያው ያሉት ክንዳቸውን በናዚ ሰላምታ ዘርግተዋል፤ ላንግስዶርፍ ግን እጁን ወደ ኮፍያው ጠርዝ አንስቶ በጥንቱ የባሕር ኃይል ሰላምታ ይሰናበታቸዋል።

ኡራጓይ የሰጠችው ጊዜ 72 ሰዓት ብቻ ነው። እንግሊዞች ደግሞ ትልልቅ መርከቦቻቸው ደጅ ላይ የደረሱ አስመስለው ወሬ ነዙ፤ በእውነት ለዕርዳታ የደረሰችው ከምበርላንድ የተባለችው የጦር መርከብ ብቻ ነበረች። በርሊን መርከቡ ኡራጓይ ውስጥ እንዳይያዝ አዛለች። አብዛኛው ጥይቱ አልቋል፤ ከሺህ በላይ ሰው አብሮት አለ። ወጥቶ ቢዋጋ ብዙዎቹ በከንቱ ያልቁ ነበር። ታኅሣሥ 17 ምሽት ሰዎቹን አውርዶ መርከቡን በፈንጂ አጋየ።

ባሕረኞቹን ቦነስ አይረስ አደረሰ። ታኅሣሥ 20፣ በመርከቡ የጦር ሰንደቅ ዓላማ ላይ ሆኖ የራሱን ሕይወት አጠፋ። በቻካሪታ መካነ መቃብር ሲቀበር፣ ግራፍ ሽፔ ላይ ታስሮ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ካፒቴን ከቀባሪዎቹ ጋር ቆሞ ነበር።